የሼህ ሙሄ የፊት ጥርስና ሁለቱ ሞተሮች

ባለፈው ሰሞን ወረኢሉ ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም የሞተር ፎቶ በስልክ ላከልኝ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ለጥርስ መትከያ ልንገዛው ነው፤ እንዴት ያዩታል?» ብሎ ጽፏል። እንዴት አየዋለሁ? ነጭ ነው፤ ያብረቀርቃል። በፎቶማ እኔም ጎረምሳ እመስላለሁ። ተናድጄ መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያናድደኝ ነገር በርክቷል፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመኝም። የሰው መንጋጋ ውስጥ ገብቶ አጥንት የሚሰረስር ሞተር እንደ ጫማ በመልኩ ይመረጣል? ይልቅ እንዴት እንደሚመረጥ ልጻፍለት ብዬ ተቀመጥኩ። ስጽፍ የሥራ ዘመኔን በሙሉ ነካካሁት። የደረስኩበትን ለማወቅ የመጣሁበትን ማወቅ ያስፈልጋልና ይነካ።

አሰፋ እባላለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ፈትቼ ገጥሜ ነው። ሥራ የጀመርኩት ደጎሎ አንድ ወፍጮ ቤት ነበር፤ እህል ተሸካሚ ሆኜ። ሞተሩ በቆመ ቁጥር ባለቤቱ ከደሴ መካኒክ ያስመጣል፤ መካኒኩ እስኪደርስ ገበሬው ከነአህያው ደጅ ይጠናል። አንድ ቀን መካኒኩን ሳልጠብቅ ፈታሁት፤ አጸዳሁት፤ ገጠምኩት፤ ተነሳ። ባለቤቱ «ማን ንካ አለህ?» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ከደሴ ማንንም አልጠራም። ደሞዜን ጨመረ ወይ ላላችሁ፣ አልጨመረም።

ከደጎሎ ወደ ወግዲ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ጄኔሬተሩና የሐኪም መሣሪያዎችን በእንፋሎት የሚቀቅለው ማሽን በእኔ እጅ ነበሩ። የማሽኑን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል እየቆፈርኩ አነበብኩት። አለቆቼ መጽሐፉን አልከፈቱትም፤ የደረሰኝን የምስጋና ወረቀት ግን እነሱ ፈረሙበት። ቀጥሎ ደሴ አንድ ሆስፒታል የጥገና ክፍል ገባሁ። በዕድሜዬ አስተማሪ ብዬ የምጠራውን አንድ ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ጋሽ ወርቁን።

ጋሽ ወርቁ አጭር፣ ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። አዲስ ማሽን ሲመጣ ሌላው ሁሉ ፍጥነቱን ይጠይቃል። እሳቸው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ «ሲደክመው ምን ያደርጋል?» ሻጩ ካልገባው አይደግሙለትም። አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚሽከረከረውን ዘንግ ይዘው ይጨምቁታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል። አንዱ ማሽን ይጮሃል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይቆማል፣ አንዱ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ እያስመሰለ ይንገታገታል። የሚጠሉት ይህን የመጨረሻውን ነበር። «ደክሞት የማይናገር ማሽን ሰው ይገድላል» ይሉ ነበር። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ማሽን ፈትሸው ሳይጨርሱ ውሃም ቢሆን ከሻጭ እጅ አይቀበሉም። ያኔ ግትርነት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን ትርጉሙን በገዛ አገሬ አየሁት።

ነጋዴዎች ተዋጥተው መካነ ሰላም ላይ የጥርስ ክሊኒክ ሲከፍቱ የጥገናውን ሥራ ማን ይያዝ ተባለ። ማንን ሊሉ ኖሯል? እኔ ተጠራሁ። የባለአክሲዮኖቹ ሊቀ መንበር ደምሴ ነው፤ እህል ነጋዴ፣ የልጅነት ጓደኛዬ። ሐኪሟ ዶክተር ሰሚራ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ፣ ረጋ ያለች፣ የማታውቀውን «አላውቅም» የምትል። በሐኪም አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር ያኔውኑ አከበርኳት። ጥርስ አጥንት ውስጥ መትከል ተምራ መጥታለች፤ የቀራት ሞተሩ ነበር።

የመጀመሪያው ታካሚ ማን እንደሚሆን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሼህ ሙሄ ናቸው። መንዙማ ሲያወርዱ ክርስቲያኑም ሥራ ፈትቶ የሚያደምጣቸው ሰው ናቸው። ከአቀስታ ሲመለሱ ሚኒባሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አፋቸው ከፊት ወንበር ብረት ተላተመና ሁለቱ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቻቸው ወለቁ። ተነቃይ ጥርስ ተሠራላቸው። አንድ ጁምዓ ሰው ለመንዙማ በተሰበሰበበት ሐድራ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጥርሱ ተስፈንጥሮ ድቤው ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም፤ አለመሳቁ ነው የጎዳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማውረድ ተዉ። ሲያወሩ እንኳ በኩታቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። አዲስ አበባ ይሂዱ ሲባሉ «ጥርሴን የበላው መንገድ ነው፤ ጥርስ ፍለጋ ተመልሼ አልሄድበትም» አሉ። ስለዚህ ተስፋው እኛ ክሊኒክ ነበር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። ሞተሩን ይዞ የመጣው ያሬድ የሚባል የአገራችን ልጅ ነው። አዲስ አበባ የሕክምና ዕቃ ይሸጣል። ደምሴ ቤት ምሳ ተጠራን፤ ባለአክሲዮኖቹ፣ ዶክተር ሰሚራ፣ ሼህ ሙሄ፣ እኔ። ያሬድ ሞተሩን ከነሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣

«በደቂቃ አርባ ሺህ ዙር ነው ጋሽ ደምሴ። ስክሪኑን በጣትዎ ይነካሉ፣ በቃ» አለ።

ዶክተሯ «ለአጥንት አንድ ሺህ ገደማ ይበቃኛል» አለች። «የሚተከለውን ብሎን ሳጠብቅ ደግሞ ሃያ ዙር ነው የምፈልገው። በሃያ ዙር ላይ ጉልበቱ እንዴት ነው?»

«ዶክተር፣ አርባ ሺህ የቻለ ሃያ ያቅተዋል?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ያቅተዋል» አልኩ። «ሜዳ ላይ የሚጋልብ በቅሎ ሁሉ ቁልቁለት ቀስ ብሎ አይወርድም። ሰክተን እንየው።»

ደምሴ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ፣ «አሴ፣ ልጁ እንግዳዬ ነው። ማዕድ ቀርቧል» አለኝ።

«ማዕዱ አይሸሽም። ሶኬቱ የት ነው?»

«የማን ልጅ መሰለህ? የአያ ይመር ልጅ እኮ ነው።»

«አያ ይመርን አውቃቸዋለሁ። የማላውቀው ሞተሩን ነው።»

አላዋጣኝም። እነዚሁ ነጋዴዎች ወረኢሉ ገበያ በሬ ሲገዙ በባለቤቱ ፊት አፉን ፈልቅቀው ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን ይጨብጣሉ፣ ወዲያ ወዲህ ያስነዱታል፤ ባለቤቱም አይቀየምም። ለሰው አፍ የሚገዛ ሞተር ሲሆን ግን መፈተን ነውር ሆነ፤ ለምን፣ ሻጩ የወንዛችን ልጅ ነዋ። ተበላ፣ ተጠጣ። ከዚያ እንደ አገራችን ደንብ ሼህ ሙሄ ዱአ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። እጃችንን ዘረጋን፤ «አላህ ያግራው፣ ለኸይር ያድርገው» አሉ፤ ሁላችንም አሚን አልን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለዱአ እጄን ስዘረጋ ግን ያደግሁ የወሎ ሰው ነኝና አሚኔ ከልቤ ነበር። ያናደደኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በእኛ ዘንድ ዱአ የተደረገበት ጉዳይ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ «ቆይ ልፈትነው» የሚል ዱአውን እንደናቀ ይቆጠራል። ማንም አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስነሳው ሞተሩ የእኛ ሆነ።

የተከላው ቀን የገበያ ቀን ላይ ዋለ። እኔ ክፍሉ ውስጥ ልቁም ብል ደምሴ «አሴ ጄኔሬተሩ ጋ ይሁን፤ ፊቱ ሼሁን ያስፈራል» ብሎ አስወጣኝ። አርባ ዓመት ከማሽን ጋር የኖረ ሰው፣ በፊቱ ምክንያት ተባረረ። ውጭ ቆምኩ። ረፋዱ ላይ የበሩ አምፖል እንደ ኩራዝ ቀላ። የገበያ ቀን ወፍጮው ሁሉ አንድ ጊዜ ሲነሳ የከተማችን መብራት ይደክማል፤ አይጠፋም፣ ይደክማል። ጄኔሬተር የሚነሳው ሲጠፋ ነው። ማንም አልጠራኝም።

ውስጥ የሆነውን ዶክተር ሰሚራ በኋላ አንድም ሳትደብቅ ነግራኛለች። አጥንት ሲሰረሰር ይግላል፤ ከጋለ ይሞታል፤ የሞተ አጥንት ደግሞ የተተከለበትን ብሎን አይዝም። ለዚህ ነው ሞተሩ ጎን ላይ ትንሽ ፓምፕ ያለችው፤ የጸዳ የጨው ውሃ መሰርሰሪያው ጫፍ ላይ ታፈስሳለች። መብራቱ ሲደክም መሰርሰሪያው መዞሩን ቀጠለ፤ ፓምፗ ግን ቆመች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሰማያዊ የውሃ ጠብታ እንደበራች ነበረች። ነርሷ ጠብታዋን አየች፣ አመነች። ሐኪሟ የሼሁ አፍ ቀድሞ በፈሰሰው ውሃ ርሶ ስለነበር አልጠረጠረችም። መሰርሰሪያው ላይ ነጭ ደረቅ ዱቄት ስታይ አቆመች። አጥንቱ ይተርፍ ይሆናል ብላ ሁለቱን ብሎኖች ተከለች፤ የሆነውንም ለሼሁ ነገረቻቸው። ከሳምንታት በኋላ ሁለቱም ተነቃነቁ። በጣቷ ነቅላ አወጣቻቸው።

ሼሁ ወንበሩ ላይ ተጋድመው እሷ ስታለቅስ «አብሽሪ ልጄ» አሏት። ከዚያ ኩታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው።

ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። «የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል» አለኝ።

«እግዜር ፓምፕ አቁሟል?»

«አሴ፣ ነገር አታክርር።»

ያሬድ ጋ ደወልን። «የእናንተ መብራት እንጂ ማሽኑ ምን አለው?» አለ። የእኛን መብራት የማያውቅ የአገር ልጅ! ለዚህ ነበር የወንዝ ልጅነቱ? ሞተሩን አጥንት ላይ ሲሠራ በዓይኑ አይቶት እንደማያውቅ ጠይቄ አረጋገጥኩ። የሸጠልን ስክሪኑን ነው።

ዶክተር ሰሚራ ለባለአክሲዮኖቹ ቁርጡን ነገረቻቸው። የሼሁ አጥንት እስኪድን ወራት ይፈጃል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር ይቻላል፤ ሁለተኛ ከተቃጠለ የሚቀረው አጥንት ጥርስ አይሸከምም፤ በዚህ ሞተር ደግሞ ሁለተኛ አትሠራም። ደምሴ «ሞተር እያለን ሌላ ሞተር ስንገዛ አገር ምን ይላል? የአያ ይመር ልጅ አታለላቸው ሊባል ነው?» አለ። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ መንዙማ ያወረደበት ድምፁ ሊቀር ነው፤ እነሱ የሚጨነቁት ለአያ ይመር ስም። ብዙ ተናገርኩ። የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፍም፤ የልጅ ልጆቼም ያነቡታል።

ነገሩን የቆረጡት ሼሁ ናቸው። ስብሰባው ላይ መጥተው በኩታቸው ሥር፣ ቃላቸው እየተፏጨ፣ «ደምሴ፣ ልጁን አውፍ እንበለው። ሞተሩን ግን ከፊቴ አርቁልኝ» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን መጀመሪያ አሰፋ ይፈትን። ዱአ እንደሁ የትም አይሄድ።»

ዶክተሯ ደሴ ካሉ ሁለት ሻጮች ለሙከራ ሁለት ሞተሮች አስመጣች። አንዱ ትልቅ ስክሪን ያለው ኩሩ ነው። ሌላው የድሮ ሬዲዮ የሚመስል፣ ቁልፎቹ ወፍራም፣ መልከ ጥፉ። እኔ ለአጥንት ሥጋ ቤት ሄድኩ። ነገ «በምን አጥንት ተፈትኖ ነው ሼሁ አፍ የገባው?» የሚል እንዳይመጣ ወደ ሙስሊሙ ሥጋ ቤት ነው የሄድኩት። ባለ ሥጋ ቤቱ ሰይድ አየኝና ቢላውን አስቀመጠ።

«ጋሽ አሰፋ፣ መንገድ ተሳሳቱ?»

«አጥንት ስጠኝ። ደረቅ ያለ፣ ሥጋ የሌለው።»

«ሥጋ ትቶ አጥንት? የርስዎ ጥርስ ይችለዋል?»

«ለሼህ ሙሄ ጥርስ ነው።»

ሰይድ ቀልዱን ተወ። ከጭን ከጎድን መርጦ ሰጠኝ፤ ልከፍለው ያሰብኩትን ሒሳብም አልተቀበለኝም።

የፈተንኩት በገበያ ቀን ነው፤ ወፍጮዎቹ ሁሉ በተነሱበት ሰዓት፣ ከሁሉም ደካማ በሆነው መስመር ላይ። ይህን ማንም መጽሐፍ አይጽፈውም፤ የራሴ ነው። መጀመሪያ በሃያ ዙር አስነስቼ ዘንጉን በጨርቅ ይዤ ጨመቅሁት። ኩሩው ተንገታገተ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። መልከ ጥፉው የታዘዘበት ልክ ሲደርስ ጮኾ ቆመ።

እዚህ ላይ ከዶክተሯ ጋር ተጣላን። እኔ «ጮኾ የሚቆመው ጉልበት ስለሌለው ነው፤ የበለጠ ጉልበት ያለው እንፈልግ» አልኩ። እሷ «ጋሼ፣ ብሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀም አጥንቱን ይጨፈልቀዋል። የምፈልገው ባለጉልበት አይደለም፤ በነገርኩት ቦታ የሚቆም ነው» አለች። አሰብኩበትና አንድ ሰዓት ያህል ተኮሳትሬ ተቀበልኩ። ጥሩ ነገር ስሰማ እይዛለሁ፤ እንደዚህ ነው የተማርኩት።

ከዚያ አጥንቱን በጉጠት አስረን ሰረሰርን። እሷ ከቀዳዳው አጠገብ ቀጭን የሙቀት መለኪያ ሽቦ ሰካች፤ እኔ ጣቴን አደረግሁ። «ጣትዎ ቁጥር አይናገርም» አለችኝ። «ሽቦሽም ቢለበለብ አያመውም» አልኳት። ሁለታችንም ሥራችንን ቀጠልን። መብራቱ ሲቀላ ኩሩው ሞተር ውሃውን እየቀነሰ መሰርሰሩን ቀጠለ፤ ሽቦዋም ጣቴም እኩል አወቁ። መልከ ጥፉው ፓምፑ ሲዳከም ራሱን አቆመና ጮኸ። የጋሽ ወርቁ ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ይህ ሲደክመው ይናገራል።

አሁንም አልጨረስኩም። ሐኪሟ በእጇ የምትይዘውን ክፍልና የውሃውን ቱቦ በእንፋሎት ማሽን ደጋግሜ ቀቅዬ እንደገና ፈተንኩ። የኩሩው ቱቦ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚጣል ነው፤ ሌላው እስኪመጣ የአዲስ አበባን መንገድ መጠበቅ ነው። የመልከ ጥፉው እንዲቀቀል ታስቦ የተሠራ ነው፤ እጀታውም ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ ይገጠማል። የእግር መርገጫውን ነርሷ እርጥብ ቦቲ አድርጋ እንድትረግጠው አደረግሁ፤ አላንሸራተተም። ደምሴ መጥቶ አየው። «ይሄ ነው? ለእንግዳ አይታይም እኮ።»

«እንግዳ አንሰረስርበትም» አልኩት። ተገዛ። ዱአውም ከዚያ በኋላ ተደረገ።

አጥንቱ ዳነና ቀኑ ደረሰ። በዚህኛው ጊዜ ከክፍሉ የሚያስወጣኝ አልተገኘም። ልብስና ጭምብል አድርጌ ፓምፑ ጎን ቆምኩ። ሥራዬ የውሃውን ጠብታ ከስክሪን ሳይሆን ከቱቦው ጫፍ ማየት ነበር። የመጀመሪያው ቀዳዳ በሰላም አለቀ። ሁለተኛው እኩሌታው ላይ ሲደርስ መብራቱ ቀላ፤ የገበያ ቀን እንኳ አልነበረም። ሞተሩ ጮኾ ቆመ። ዶክተሯ እጇን አነሳች። ሼሁ በጨርቁ ሥር አንድ ጣታቸውን አነሱ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው።

«አብሽሩ ሼህ» አልኳቸው። «ውሃዬ አነሰ ብሎ ነው።»

ጄኔሬተሩን ጠዋት አሙቄው ነበር። ወጥቼ አስነሳሁት፤ እጄን እንደገና ታጥቤ ገባሁ። ውሃው መውረድ ሲጀምር ለዶክተሯ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ቀጠለች። ብሎኖቹን ስታጠብቅ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ሄዶ በነገረችው ልክ ላይ ጮኾ ቆመ። ሁለቱም።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። ሼሁ ወራቱን በገንፎና በአጥሚት አሳለፉ። መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «ጠንካራ ነገር አልነከሱም?» እያልኩ አሰለቸኋቸው። በመጨረሻ «አሰፋ፣ አንተ ሚስቴን ሆንክብኝ» አሉኝ። ዶክተሯ ብሎኖቹን ስትፈትሽ ከአጥንቱ ጋር አንድ ሆነው ነበር። ጥርሶቹን የገጠመችላቸው ቀን እኔም ነበርኩ። በምላሳቸው ጫፍ ዳሰሷቸው። ከዚያ ምላስ በጥርስ መካከል ወጣ ብሎ የሚነገረውን ያን የዓረብኛ ፊደል አወጡት። ደገሙት። አልተፏጨም። ኩታቸውን ከአፋቸው አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

የመውሊድ ዕለት ጠዋት መስጊዱ ደጅ ሰው ከወግዲ ከከላላ ሳይቀር መጥቶ ሞልቷል። ሼህ ሙሄ ከፊት ተቀምጠው ድቤው ተመታ፤ አወረዱ። ድምፃቸው ያው ድምፃቸው ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ፣ እንደ ተቆጠረ ገብስ። አጠገቤ ደምሴ ቆሞ ያለቅሳል። ዶክተር ሰሚራ ከሴቶቹ መካከል ዓይኗን በሻሿ ትጠርጋለች። ሰው ሁሉ አላህን አመሰገነ፤ ተገቢ ነው። ሐኪሟን አመሰገነ፤ እሷም ይገባታል። ደምሴን እንኳ ክሊኒኩን አቋቋምክልን ብለው እጁን ሳሙት። ሞተሩን ማን መረጠው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

እኔ ነኝ የመረጥኩት።